ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ በምን ታወቀ?

ሳይታወቅ የቈየን ሰው በመጨረሻ ማሳወቅ ከጥንት ጀምሮ የታሪክ ደራስያን የሚጠቀሙበት ታላቅ ብልሃት ነው። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ ቅኔ በጻፈው መጽሐፍ ይህ ብልሃት ካለማወቅ ወደ ማወቅ መሻገር መሆኑን አስረድቶ ዐይነቶቹን በየተራ መዝኗል። በሆሜር ታሪክ አሮጊቷ ሞግዚት ከብዙ ዘመን በኋላ የተመለሰውን ጌታዋን እግሩን ስታጥብ በጠባሳው ታውቀዋለች። በኦሪት ዘፍጥረትም ዮሴፍ ወንድሞቹን ያውቃቸዋል፤ እነርሱ ግን አያውቁትም፤ በአስተርጓሚ ሲናገራቸው ቈይቶ ልቅሶው ባሸነፈው ጊዜ ማንነቱን በገዛ አፉ ይነግራቸዋል። ወንጌላውያኑ ሉቃስና ዮሐንስ ስለ ትንሣኤው ሲጽፉ በዚሁ መንገድ ሄደዋል፤ ነገር ግን ከእነርሱ በፊት የነበረ ጸሐፊ ያላደረገውን አድርገዋል። ይኸውም፥ አብረውት ሲበሉና ሲጠጡ የኖሩት ወዳጆቹ ከሙታን የተነሣውን ጌታ አይተው ፊቱን እንዳላወቁት ሳይሸሽጉ መጻፋቸው ነው።

ይህ ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አንባቢውን ለማሳመን ብቻ የሚጽፍ ሰው ቢሆን ኖሮ፥ ያዩት ሁሉ ገና ከሩቅ ዐውቀው በፊቱ እንደ ወደቁ አድርጎ በጻፈው ነበር። ወንጌላውያኑ ግን መታወቁን ያዘገዩታል፤ በታወቀም ጊዜ በመልኩ ሳይሆን አስቀድሞ ከወዳጆቹ ጋራ ያደርገው በነበረ ነገር ያሳውቁታል። ለማርያም መግደላዊት በስሟ ጥሪ፥ ለሁለቱ መንገደኞች በኅብስቱ መቈረስ፥ ለቶማስ በቍስሉ፥ በጥብርያዶስ ባሕር ለነበሩት ሰባቱ ደግሞ በመረቡ መሙላትና በተዘጋጀ ቍርስ ታወቀ። የካቶሊክ እምነት ስለ ክርስቶስ ህልውና የሚያስተምረው ትምህርት ከዚህ አጻጻፍ ጋራ እንደ ድርና ማግ የተያያዘ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ሲተርክ አጻጻፉን የሚለውጥ ሰባኪ ወይም ሠዓሊ ያጠፋው ጌጡን ብቻ አይደለም፤ ትምህርቱንም ጭምር ነው እንጂ።

ነገሩን ለመመርመር ሐዋሳ የተመቸች ስፍራ ናት። በሐዋሳ ያለችው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንደ ብዙዎቹ የደቡብ ሀገረ ስብከቶች የምትቀድሰው በላቲን ሥርዐት ነው። በአዲስ አበባና በሰሜን ያሉት ካቶሊካውያን ግን በግእዝ ሥርዐት ይቀድሳሉ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሲሆኑ፥ ይህ ሀገረ ስብከት በ1937 በነገሌ ስም ተቋቋመ፤ በ1969 በሐዋሳ ስም ተጠራ፤ በ1979 ሐዋርያዊ ቪካርያት ሆነ። የኮምቦኒ ማኅበር ሚሲዮናውያንም በ1964 ወደ ሲዳማ ገብተው ብዙ ዘመን አገልግለውበታል። በላቲን ሥርዐት የንባብ መጽሐፍ መሠረት ከትንሣኤ እሑድ በኋላ ባለው ሳምንት ማክሰኞ የማርያም መግደላዊት፥ ረቡዕ የኤማሁስ መንገደኞች፥ ዐርብ የጥብርያዶስ ባሕር፥ በተከታዩም እሑድ የቶማስ ታሪክ ይነበባል። እንግዲህ አዘውትሮ የሚቀድስ ምእመን በአንድ ሳምንት ውስጥ ጌታው አራት ጊዜ ሳይታወቅ ሲቈይ፥ አራት ጊዜም ሲታወቅ ይሰማል።

ከማርያም እንጀምር ዘንድ የንባቡ ሥርዐት ያዛል። ማርያም በመቃብሩ አጠገብ ቆማ ታለቅሳለች፤ ዘወር ስትል የቆመውን ሰው ታያለች፤ አትክልተኛ ይመስላታል። ያናግራታል፤ ድምፁን ሰምታም አላወቀችውም። ስሟን በጠራ ጊዜ ግን ዐወቀችው። ዮሐንስ በዚህ ስፍራ መዞሯን ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ አንድ ጊዜ ሰውየውን ስታይ፥ ሁለተኛም ስሟን ስትሰማ። ፊቷን ወደ እርሱ አዙራ እያነጋገረችው ሳለ እንደ ገና ዞረች ማለቱ ለግድ የለሽ አንባቢ ስሕተት ይመስለዋል። ነገር ግን የመጀመሪያው መዞር የሰውነት፥ ሁለተኛው የልብ ነው ቢባል ከጸሐፊው አሳብ አይርቅም። ያው ዮሐንስ በፊት ባለው ምዕራፍ እረኛው በጎቹን በየስማቸው እንደሚጠራና እነርሱም ድምፁን እንደሚያውቁ ጽፎ ነበርና፥ በአትክልቱ ስፍራ የሆነው የዚያ ምሳሌ ፍጻሜ ነው።

ከአራቱ ሁሉ በስብከት ይልቁን የሚበላሸው የኤማሁስ ታሪክ ነው። በአገራችን ትውፊት ሁለቱ መንገደኞች ሉቃስና ቀለዮጳ ይባላሉ፤ ወንጌሉ ግን የቀለዮጳን ስም ብቻ ጽፎ ሁለተኛውን ሳይሰይም ትቶታል። ከኢየሩሳሌም ስድሳ ምዕራፍ ያህል፥ ማለት ዐሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቅ መንደር ሲሄዱ ጌታ ራሱ ተቀላቅሎ አብሯቸው ይሄዳል። ብዙ ሰባኪዎች እዚህ ሲደርሱ ሁለቱን ደቀ መዛሙርት ይወቅሷቸዋል፤ ባለማወቃቸው ምክንያት እምነት የጐደላቸው ደንቈሮዎች አድርገው ይናገሩባቸዋል። እውነት ነው፥ ጌታም ልባቸው ለማመን የዘገየ መሆኑን ነግሯቸዋል። የነገራቸው ግን የነቢያትን ቃል ባለማመናቸው ነው እንጂ ፊቱን ባለመለየታቸው አይደለም፤ ዐይናቸው ተይዞ እንደ ነበረ ወንጌላዊው አስቀድሞ ጽፏልና።

የዚህ ስሕተት አንዱ ምክንያት ከአማርኛው ቋንቋ ጠባይ የመጣ ይመስላል። እነዚህ ታሪኮች በግእዝ በማተሚያ የታተሙት አባ ተስፋ ጽዮን በ1548ና በ1549 በሮማ ባሳተሙት አዲስ ኪዳን ነው፤ በአማርኛ ደግሞ አቡ ሩሚ በካይሮ የተረጐመው አዲስ ኪዳን በ1829 ታትሟል። ሉቃስ በግሪክኛ ዐይናቸው ተይዞ አላወቁትም ሲልም፥ ዐይናቸው ተከፍቶ ዐወቁት ሲልም ለማወቁ የተጠቀመበት አንድ ግሥ ነው፤ ግሡም የሚያውቁትን ሰው እርሱ መሆኑን መለየት ማለት ነው። አማርኛችን ግን «ዐወቀ» በሚለው በአንድ ቃል ትምህርትንም መለየትንም ይናገራል። በመንገድ የተገናኘ ሰው ወዳጁን «አላወቅሁህም» ቢለው፥ ስምህንና ዘመድህን አላውቅም ማለቱ አይደለም፤ መልክህን አልለየሁም ማለቱ ነው እንጂ። ሰባኪው ይህን ሳያስተውል ሲቀር መንገደኞቹ የማያውቁ፥ ማለት ያልተማሩ ይመስሉታል።

ታሪኩ ግን ተቃራኒውን ይመሰክራል። ቀለዮጳ ለእንግዳው የሚነግረውን አንድ በአንድ መቍጠር ይገባል። ኢየሱስ ናዝራዊ በሥራና በቃል ብርቱ ነቢይ እንደ ነበረ፥ ሊቃነ ካህናት ለሞት አሳልፈው እንደ ሰጡት፥ እንደ ተሰቀለም፥ ሦስተኛው ቀን እንደ ሆነ፥ ሴቶች ወደ መቃብሩ ማልደው ሄደው ሥጋውን እንዳጡ፥ መላእክትም ሕያው ነው እንዳሉ ሁሉን ይናገራል። ከጸሎተ ሃይማኖት የሚጐድለው ጥቂት ነው። ነገሩን ሁሉ ያውቃል፤ የነገሩን ባለቤት ግን ከጐኑ እየሄደ ሳለ አይለየውም። የታሪኩ ኀይል ያለው በዚህ ነው፤ የሚያስፈራውም በዚህ ነው። ትምህርተ ክርስቶስን በቃሉ የያዘ፥ መጻሕፍትንም የመረመረ ሰው ጌታውን ሳይለይ ዐሥራ አንድ ኪሎ ሜትር አብሮት ሊሄድ እንደሚችል ሉቃስ ለተማሩት ሰዎች ነግሯቸዋል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። እንግዳው በመንገድ ላይ ከሙሴና ከነቢያት ጀምሮ መጻሕፍትን ይተረጕምላቸዋል፤ ልባቸውም ይቃጠላል፤ ነገር ግን ልባቸው እንደ ተቃጠለ ያስተዋሉት በኋላ ነው። ወደ መንደሩ ሲደርሱ እርሱ አልፎ የሚሄድ መሰለ፤ እነርሱም መሽቷልና ከእኛ ጋራ እደር ብለው ግድ አሉት። በማዕድ ተቀምጦ ኅብስቱን ባርኮ ቈርሶ ሲሰጣቸው ዐወቁት፤ እርሱም ከዐይናቸው ተሰወረ። አስቀድሞ ቃል፥ ኋላም ማዕድ። የላቲኑም የግእዙም ቅዳሴ የቆመው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ መጻሕፍት ይነበባሉ፥ ይተረጐማሉ፤ ከዚያ በኋላ ኅብስቱ ይባረካል፥ ይቈረሳል፥ ይሰጣል። ጌታው በታወቀበት ቅጽበት መሰወሩም በከንቱ አልተጻፈም። ፊቱ ሲሄድ በጠረጴዛው ላይ የቀረው የተቈረሰው ኅብስት ነው፤ ከዚያች ማታ በኋላ ያለችው ቤተ ክርስቲያንም ፊቱን ሳይሆን ኅብስቱን ይዛ ቀረች።

ሠዓሊዎች ይህን ታሪክ በልዩ ልዩ መንገድ ተርጕመውታል። ኢጣሊያዊው ካራቫጆ የኤማሁስን ማዕድ ሁለት ጊዜ ሥሏል። በ1601 የሣለውና ዛሬ በሎንዶን ብሔራዊ የሥዕል ቤት ያለው፥ ክርስቶስን ጢም የሌለው ወጣት አድርጎ ያሳያል። ሕዝብ የለመደውን መልክ ስላልሰጠው የሚመለከተው ሰው ራሱ እንደ ደቀ መዛሙርቱ በመልኩ ሳይሆን በእጁ ምልክት ብቻ እንዲያውቀው ይገደዳል። አንደኛው ደቀ መዝሙር እጆቹን እንደ መስቀል ዘርግቷል፤ በጠረጴዛው ጠርዝ ያለው የፍሬ ቅርጫትም ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል። በ1606 የሣለውና በሚላኖ ያለው ግን ጸጥ ያለ ነው፤ ብርሃኑ ጥቂት፥ ማዕዱም ድኻ ነው። የፊተኛው የመደነቅን፥ የኋለኛው የማስተዋልን ሰዓት ይዟል ማለት ይቻላል፤ ወደ ሉቃስ አጻጻፍ የሚቀርበውም የኋለኛው ነው። በኢትዮጵያ ሥዕል የትንሣኤው ልማድ ሌላ ነው፤ ክርስቶስ ወደ ሲኦል ወርዶ አዳምንና ሔዋንን በእጃቸው ይዞ ሲያወጣቸው ይሣላል። ይህ የድል ሥዕል ነው፤ አዳም አዳኙን ለማወቅ አይዘገይም። ሁለቱም ሥዕሎች እውነት ይናገራሉ፤ ስሕተት የሚሆነው ሰባኪው የድሉን ሥዕል ወስዶ በኤማሁስ መንገድ ላይ ሲያቆመው፥ ጸጥታ ባለበት ስፍራም መብረቅ ሲጨምር ነው።

ለሐዋሳ ሰው ይህን ልዩነት ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከተማዪቱ በአንድ ወገን የታቦርን ተራራ፥ በሌላው ወገን ሐይቁን ይዛለችና። የተራራው ስም የጌታችን መልክ እንደ ፀሓይ የበራበትን ተራራ ያሳስባል። ወንጌል የዚያን ተራራ ስም ባይጽፈውም የጥንት ትውፊት ታቦር ብሎታል፤ በአገራችንም ነሐሴ 13 ቀን የቡሄ በዓል ይከበርበታል። በታቦር የፊቱ ብርሃን ታየ፤ ይህ ግን ከሞቱ በፊት ነበር። ከትንሣኤው በኋላ፥ ክብሩ ይልቁን ሊገለጥ የሚገባው በሚመስልበት ጊዜ፥ ወንጌላውያኑ በእነዚህ ታሪኮች ስለ ፊቱ ብርሃን አንድ ቃል አይጽፉም። አትክልተኛ መሰለ፤ መንገደኛ መሰለ፤ በባሕር ዳር ቆሞ ዓሣ አላችሁን ብሎ የሚጠይቅ ሰው መሰለ። የትንሣኤውን ጌታ በተራራው ላይ ብቻ የሚፈልግ ሰው በሐይቁ ዳር ያልፈዋል።

በሐይቁ ዳር የሆነውን ዮሐንስ በመጨረሻው ምዕራፍ ጽፎታል። ማለዳ ወደ አሞራ ገደል የወረደ ሰው ምዕራፉን ያለ ተርጓሚ ይረዳዋል፤ ሌሊቱን በውኃ ላይ ያደረው ጀልባ ሲመለስ፥ ቆሮሶውና አምባዛው ሲወርድ፥ አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ አሞራዎች የዓሣውን ትራፊ ሲጠባበቁ ያያል። መረቡን ባዶ ይዞ የተመለሰ ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስልም ያውቃል። ሰባቱ ደቀ መዛሙርት ሌሊቱን ሁሉ ደክመው ምንም አልያዙም፤ በዳር የቆመው ሰው መረቡን በታንኳዪቱ ቀኝ ጣሉ አላቸው፤ ቢጥሉ ሊጐትቱት አቃታቸው። ጌታ ይወደው የነበረው ደቀ መዝሙር አስቀድሞ ዐወቀ፤ ጴጥሮስ ግን አስቀድሞ ወደ ባሕር ዘለለ። አንዱ በማየት፥ ሌላው በመሮጥ ይቀድማል፤ ቤተ ክርስቲያንም ሁለቱን ትሻለች። ዓሣዎቹ 153 ሆነው ተቈጠሩ፤ መረቡም አልተቀደደም።

ከዚህም ይልቅ ልብ የሚባለው በዳር የነደደው የፍም እሳት ነው። ዮሐንስ የፍም እሳትን የሚያነሣው በወንጌሉ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ በሊቀ ካህናቱ ግቢ ጴጥሮስ እየሞቀ ጌታውን ሦስት ጊዜ በካደበት ሌሊት፥ ሁለተኛም በዚህ ማለዳ። እሳቱ ሲታይ ክሕደቱ ይታወሳል፤ ጌታ ግን ስለ ክሕደቱ አንድ ቃል ሳይናገር በመጀመሪያ ያበላዋል፤ ካበላው በኋላ ሦስት ጊዜ ትወደኛለህን ብሎ ይጠይቀዋል። ደቀ መዛሙርቱም ጌታ መሆኑን ዐውቀው ማን ነህ ብሎ ሊጠይቀው የደፈረ አልነበረም። ይህ ዐረፍተ ነገር ለመመርመር የሚያዳግት ነው፤ ፊቱ ግልጽ ሆኖ ቢታያቸው ኖሮ የመጠየቅ አሳብ ባልመጣባቸውም ነበርና። ማወቃቸው የእምነት ማወቅ ነው፤ እርግጠኛ ነው፥ ነገር ግን በዐይን አይጨበጥም። በመሠዊያው ፊት የሚንበረከክ ካቶሊካዊ ያለው ዕውቀት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ትምህርቱም በዚሁ መንገድ ሄዷል። የትሬንቶ ጉባኤ በ1551 ክርስቶስ በቅዱስ ቍርባን በእውነት እንዳለና ኅብስቱና ወይኑ ወደ ሥጋውና ወደ ደሙ እንደሚለወጡ ወሰነ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 ስለ ሥርዐተ አምልኮ ባወጣው ደንብ ደግሞ ክርስቶስ በቅዳሴው መሥዋዕትና በካህኑ፥ ይልቁንም በቍርባኑ፥ እንዲሁም በምሥጢራቱ፥ በሚነበበው ቃሉና በስሙ በተሰበሰበው ጉባኤ እንዳለ ዘረዘረ። ከዚህ የተነሣ አንዳንዶች የቍርባኑ ክብር ከሌሎቹ ጋራ ተደባልቆ የቀነሰ መሰላቸው። ጳጳሱ ጳውሎስ 6ኛ በ1965 በጻፉት መልእክት ነገሩን አቀኑት፤ የቍርባኑ ህልውና እውነተኛ የሚባለው ሌሎቹ እውነተኞች ስላልሆኑ ሳይሆን ከሁሉ ስለሚበልጥ መሆኑን አስረዱ። በዚያው መልእክት ቤተ ክርስቲያን የምሕረት ሥራ ስትሠራም ክርስቶስ በእርሷ ውስጥ እንዳለ አክለዋል። የሉቃስን ታሪክ በጥንቃቄ ያነበበ ሰው በዚህ አይደነቅም፤ ቃሉ በመንገድ፥ ኅብስቱ በማዕድ፥ ምሕረቱም እንግዳውን እደር በማለት ውስጥ ናቸውና።

በስብከት ሁሉ የሚዘነጋው ይህ የመጨረሻው ነው። ሁለቱ መንገደኞች እንግዳውን በቤታቸው ያሳደሩት ጌታ መሆኑን ዐውቀው አይደለም፤ መሽቶበት የሚያልፍ ሰው መስሏቸው ነው እንጂ። ባያስገቡት ኖሮ ኅብስቱ ባልተቈረሰ፥ እነርሱም ባላወቁት ነበር። መታወቁ የተንጠለጠለው በአንድ የእንግዳ ተቀባይነት ቃል ላይ ነው። የሲዳማ ሕዝብ ይህን ለመረዳት ቅርብ ነው፤ ዩኔስኮ በ2015 በማይዳሰሱ የባህል ቅርሶች መዝገብ የጻፈው የፊቼ ጨምበላላ በዓል በየዓመቱ ከቆጮ፥ ከቅቤና ከወተት የተዘጋጀውን ቡርሳሜ ከጎረቤት ጋራ በአንድነት በመብላት ይከበራል። በአንድ ገበታ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ማን የማን እንደ ሆነ ይታወቃል። ሐዋሳም ከየአገሩ ሥራ ፈልጎ፥ ትምህርት ሽቶ፥ ወይም ከቀዬው ተፈናቅሎ ሰው የሚመጣባት ከተማ ናት። በኅብስቱ ፊት ተንበርክኮ በደጃፉ የቆመውን እንግዳ የሚያልፍ ምእመን ታሪኩን ከመካከሉ ጀምሮ ያነበበ ነው፤ እንግዳውን ተቀብሎ ማዕዱን የሚንቅም ከመካከሉ ላይ ያቋረጠ ነው።

ታሪኩ ለደከመውም ሰው መጽናኛ አለው። ብዙዎች በቅዳሴ ቆመው ልባቸው እንደ ድንጋይ ሲሆንባቸው ጌታ የራቃቸው ይመስላቸዋል። በአራቱ ታሪኮች ሁሉ ግን ህልውናው መታወቁን ይቀድማል፤ ማርያም ስታለቅስ በአጠገቧ ነበረ፤ መንገደኞቹ ሲያዝኑ አብሯቸው ይሄድ ነበር፤ ዓሣ አጥማጆቹ ባዶ መረብ ሲጐትቱ በዳር ቆሞ ነበር። አልተሰማኝም ማለትና የለም ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ በትንሣኤ ሳምንት የሚሰብክ ካህን ታሪኩን ለማድመቅ ከመቸኰል ይልቅ ወንጌላዊው ባዘገየበት ስፍራ እርሱም ቢያዘገይ፥ ዝም ባለበት ስፍራም ዝም ቢል፥ ሰሚዎቹን የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

ሉቃስ ስለ መታወቁ እውነተኛነት ያቀረበው ማስረጃም አንድ ነው። መንገደኞቹ እንግዳውን መሽቷልና አትሂድ ብለውት ነበር። ባወቁት ጊዜ ግን በዚያችው ሰዓት፥ ሌሊቱን ሳይፈሩ፥ ማዕዱንም ትተው ተነሡ፤ የመጡበትን ዐሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ፤ የሆነውንም ለወንድሞቻቸው ነገሩ። እንግዳውን ያስቀሩበት ጨለማ እነርሱን አላስቀራቸውም።